የሚጠጣው ልጁ ነው፦ በኮሌራ ጊዜ ለሕፃናት እውነቱን መንገርና የሕክምና መብታቸው

ኮሌራ የያዘውን ሕፃን ከሞት የሚመልሰው መድኃኒት በአብዛኛው በአፍ የሚጠጣ ነው። ሁላችንም ኦአርኤስ የምንለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጨው፣ ግሉኮስ፣ ፖታስየምና ሲትሬት የያዘ ዱቄት ሲሆን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ይህን እናት በጉልበት አፍ ከፍታ ልታስውጠው አትችልም። ልጁ እያቅለሸለሸው፣ ጣዕሙ እያስጠላው፣ ለሰዓታት በማንኪያ በማንኪያ ራሱ መዋጥ አለበት። ለምን እንደሚጠጣ ያልተነገረው ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋ ልጅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ፈሳሽ ወደሚሰጥበት ደረጃ ይደርሳል። ስለዚህ ለልጅ ስለ በሽታው መንገር ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ደግነት ተደርጎ መታየት የለበትም። የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የታየው የኮሌራ ወረርሽኝ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ሶማሌ፣ ሲዳማ፣ አማራና ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጋምቤላ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ግጭት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ቤተሰቦች ጭምር ታመዋል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ጊዜያዊ የሕክምና ማዕከላት ተተክለዋል። ድንኳን፣ በረኪና የሚሸት አየር፣ መሐሉ የተቀደደ አልጋ፣ ከሥሩ ባልዲ፣ ጓንትና ቦቲ ያደረጉ ሰዎች። አዋቂን የሚያስደነግጥ ይህ ሥፍራ የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚመስል ማሰብ አያዳግትም።

ልጁ ቀድሞ ምን ያስባል

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማብራሪያው ቃል አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መኖሩ ነው። ድምፁን የሚያውቀው ሰው እጁን ይዞት ሲቆይ የልቡ ምት ይረጋጋል፣ ይጠጣል። ብዙ ስህተት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜ ላይ ነው።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ሕመምን ከራሳቸው ጥፋት ጋር ያያይዛሉ። እህቱን የመታ፣ እናቱን ያስቀየመ ልጅ ታሞ ሲተኛ «በዚያ ምክንያት ነው» ብሎ ያምናል፤ ግን አይናገርም። እዚህ ላይ የጤና ትምህርታችን ራሱ ሳያስበው ያባብሰዋል። «እጁን ያልታጠበ ልጅ ኮሌራ ይይዘዋል» የሚለው መልእክት ለጤነኛ ልጅ ጥሩ ትምህርት ነው። ለታመመው ልጅ ግን ፍርድ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ «አንተ እጅህን ሳትታጠብ ስለበላህ እኮ ነው» የተባለ ልጅ ታናሽ ወንድሙም ቢታመም ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ ቀድሞ መባል ያለበት ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የታመምከው ስላጠፋህ አይደለም። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታይ ተህዋሲ ነበር፤ ትልቅ ሰውም ይይዛል።» ወረርሽኙ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት የጸበል ቦታ ከተነሳ ደግሞ ልጁ «እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ አጭር መሆን አለበት፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ባለበትና መጸዳጃ በሌለበት ሥፍራ ወንዝም ምንጭም ሊበከል ይችላል፤ እግዚአብሔር አልተቆጣህም።

በዚህ ዕድሜ ምሳሌም ያደናግራል። «ሰውነትህ እንደ ተቀደደ ጀሪካን እያፈሰሰ ነው» የሚለው ለአሥር ዓመት ልጅ ጥሩ ሥዕል ነው፤ የአራት ዓመቱ ግን ሆዱ በእርግጥ የተቀደደ ይመስለዋል። «ሆድህ ውስጥ ትል አለ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ኮሌራ ትል አይደለም፣ ልጁም ትሉ ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል። ለትንሹ «ሆድህ ታሟል፣ ብዙ ውሃ ወጥቷል፣ ይህ ውሃ ይተካልሃል» ይበቃዋል።

ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያሉት እንዴትነቱን ይፈልጋሉ፤ ከተነገራቸውም ጎበዝ ታካሚ ይሆናሉ። ባክቴሪያው የሚለቀው መርዝ አንጀት ውሃና ጨው ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያደርገዋል። ተራ ውሃ ብቻ ቢጠጣ የወጣው ጨው አይተካም። ጨውና ስኳር በልክ አብረው ሲገቡ ግን አንጀት ሁለቱን አያይዞ ይወስዳቸዋል፣ ውሃውም ተከትሎ ይገባል፤ ይህ በር በኮሌራ ጊዜም አይዘጋም። የኦአርኤስ ምሥጢር ይኸው ነው። «ለምን ኮካ አትሰጡኝም?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናል፦ ለስላሳ መጠጥና ጭማቂ ውስጥ ያለው ብዙ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡ ይብሳል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ያለው ልጅ የሚያብሰለስለው ሌላ ነው። «እሞታለሁ?» ይላል፤ ወይም ሳይል በዓይኑ ይጠይቃል። «እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ከአፍህ አይውጣ» ብሎ ማስቆም ፍርሃቱን ብቻውን እንዲሸከመው መተው ነው። ይልቅ «ምን ሰምተህ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤት አልጋ ላይ አንድ ነገር አይቷል። ከዚያ እውነቱ ይነገረው። ኮሌራ ሳይታከም ሲቀር በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜና በትክክል ከታከሙት መካከል ግን የሚሞተው ከመቶ ከአንድ ያነሰ ነው። «አንተ ሕክምና ላይ ነህ፣ ሽንትህም መምጣት ጀምሯል» የሚለው እውነት ከማንኛውም ማጽናኛ ይበልጣል።

«ዝም በል፣ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል»

ይህን ዛቻ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ለዓመታት የቅጣት ስም የነበረው መርፌ ልጁ ሲታመም በእውነት ይመጣል፤ ልጁም ቅጣት አድርጎ ይቀበለዋል። በተቃራኒው «አይምም፣ ምንም አይሰማህም» የሚለው ውሸት ለአንድ መርፌ ብቻ ያገለግላል። ሁለተኛው ሲመጣ ልጁ ማንንም አያምንም፤ የሚጠጣውን እንኳ «መድኃኒት ደብቀውበት ይሆናል» ብሎ ይተፋል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ጊዜ ካለ ከመወጋቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይነገረው። ለትንሽ ልጅ ከሰዓት በፊት መንገር ፍርሃቱን ማስረዘም ብቻ ነው። «ይወጋል፣ እስከ አሥር ስንቆጥር ያልፋል። ከዚያ መርፌው ይወጣል፤ እጅህ ውስጥ የሚቀረው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው።» ይህን ብዙ አዋቂ አያውቅም፤ ልጆች ግን መርፌው እጃቸው ውስጥ ያለ ስለሚመስላቸው ለሰዓታት ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይቆያሉ። አራት ሰው ተጋግዞ በጀርባው ከሚያስተኛው ይልቅ አስታማሚው ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ደረቱ ከደረት ተጣብቆ፣ አንዱ ክንድ ለነርሷ ቢዘረጋ ልጁ ያነሰ ይታገላል፣ ደም ሥሩም ቶሎ ይገኛል።

ምርጫ ስንሰጥ ደግሞ እውነተኛ ምርጫ ይሁን። «ልውጋህ? እሺ?» ብሎ ጠይቆ «እምቢ» ሲል መውጋት ማታለል ነው። «ግራ እጅ ይሻላል ቀኝ? እያየህ ይሁን ፊትህን አዙረህ? እማዬ ትቁጠር ወይስ አንተ?» እነዚህ ሦስቱ በእርግጥ የእርሱ ናቸው።

አንድ ጉዳይ ግን ግልጽ ይሁን። ራሱን የሳተ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ በጣም ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ልጅ ላይ ማብራሪያ ተብሎ ደቂቃ አይባክንም። 16 ኪሎ የሚመዝን የአራት ዓመት ልጅ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ማለትም 480 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት የተባለ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በኪሎ 70 ማለትም 1,120 ሚሊ ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያስፈልገዋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን መጠኑ ያው ሆኖ ጊዜው ይረዝማል፦ 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በአምስት ሰዓት። በዚህ ጊዜ የሚነገረው እጅ እየሠራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ የረጋ ድምፅ። አምስት ሰው ሲያባብል ልጁ አንዱንም አይሰማም። ሲነቃ ደግሞ የሆነው ሁሉ ከመጀመሪያው ይተረክለት፤ ያላስታወሰውን ክፍል በራሱ አስፈሪ ሐሳብ ይሞላዋልና።

ማንኪያው፣ ኩባያውና የልጁ ድርሻ

መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ላለበት ልጅ ስሌቱ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በአራት ሰዓት ውስጥ ነው። ያው 16 ኪሎ ልጅ 1,200 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ይህም ስድስት ብርጭቆ፣ ወይም በየደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ለእናት «ብዙ አጠጪው» ማለትና ይህን መንገር ሰማይና ምድር ናቸው። ሥራውን ለልጁ ማካፈልም ይቻላል፦ ወረቀት ላይ ስድስት ብርጭቆ ተሥሎ አንዱ ባለቀ ቁጥር ልጁ ራሱ ያጥቁረው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ጨዋታ ነው፤ ለነርሷ ደግሞ ትክክለኛ መዝገብ ይሆናታል።

ሲያስመልሰው ብዙ አስታማሚ «አልተስማማውም» ብሎ ያቆማል፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አሥር ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያሉ ይቀጠል። ልጁም ቀድሞ ይወቀው፦ «ልታስመልስ ትችላለህ፣ ምንም አይደለም፣ ባልዲው እዚህ አለ፣ ትንሽ አርፈን እንጀምራለን።» ይህ ያልተነገረው ልጅ ሲያስመልስ የተሳሳተ ይመስለውና ያለቅሳል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ጨው ጨው ማለቱንም መደበቅ አያስፈልግም፤ «አይጣፍጥም፣ አውቃለሁ» ማለት ከ«ማር ነው» ይሻላል። የዓይን ቆብ ማበጥ ከጀመረ ግን ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነውና ቶሎ ለባለሙያ ይነገር።

የተበጠበጠው ኦአርኤስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዱቄቱ ከሌለ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እስኪደረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ሲበዛ አደገኛ ስለሆነ ማንኪያው ቁልል መሆን የለበትም። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከለከልም። እናቲቱ ራሷ ብትታመም እንኳ ነቅታ እስካለች ድረስ እጇን ታጥባ ጡት ትስጠው፤ ኮሌራ በጡት ወተት አይተላለፍም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት 20 ሚሊ ግራም ዚንክ በቀን አንድ ጊዜ ለአሥር ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑን የሚተዉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ልጁ «እስከ አሥር» እንደሆነ ካወቀ ራሱ ያስታውሳቸዋል።

ሌላው ልጆች ሊያውቁት የሚገባ የባልዲዎቹ ጉዳይ ነው። በማዕከሉ ውስጥ 0.05 በመቶ ክሎሪን ለእጅ፣ 0.2 በመቶ ለወለልና ለዕቃ፣ 2 በመቶ ለሰገራና ለትውከት ይዘጋጃል። ሦስቱም ውሃ ይመስላሉ፤ በጣም የተጠማ ልጅ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ባልዲ ያያል። ገና ሲገባ በጣት እየተጠቆመ «ይህ የእጅ ነው፣ ያ መርዝ ነው፣ የሚጠጣው ይህ ብቻ ነው» ይባል። ሰው ላይ ክሎሪን መርጨት ደግሞ የትም ቢሆን መቆም አለበት፤ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ በሽታውን አይከላከልም፣ ልጁን ግን እንደ ቆሻሻ እንዲቆጠር ያደርገዋል።

አስታማሚ ይግባ

«ተላላፊ ነው» ተብሎ እናት በር ላይ የምትቀርበት ማዕከል አለ። ኮሌራ በአየር አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በሰገራና በትውከት የተበከለ ውሃ፣ ምግብና እጅ ወደ አፍ ሲገባ ነው። ስለዚህ አንድ አስታማሚ ከአንድ ሕፃን ጋር እንዲሆን፣ ሲገባና ሲወጣ እጁን እንዲታጠብ፣ ታማሚ ባለበት ክፍል እንዳይበላ ማድረግ ይበቃል። እናትን ማስወጣት ከሕክምና ምክንያት ይልቅ የቦታና የሰው እጥረት የሚወልደው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ማንኪያውን የሚይዝለት ያጣው ልጅ ነው።

እናትም አባትም ከታመሙ ልጁ ወደ ሌላ ድንኳን ከመዛወሩ በፊት ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ ቀበሌውና የዘመድ ስልክ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ወላጁ የት እንዳለ ለልጁ ይነገረው፣ ከተቻለም በሩቅ ይታይ። የሕክምና ባለሙያው የልጁን ቋንቋ ካልቻለ አስተርጓሚ አዋቂ ይሁን። ጋምቤላ ላይ ኑዌርኛ ብቻ የሚናገር ልጅ ፊት በአማርኛ የሚወራው ሁሉ ለእርሱ ጩኸት ነው። አማርኛ የሚችለውን የዘጠኝ ዓመት ወንድሙን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ «እናትህ ትሞት ይሆናል» የሚለውን ለአንድ ሕፃን አፍ መስጠት ሊሆን ይችላል።

መሐሉ የተቀደደው አልጋ ለነርስ ምቹ ነው፤ የወጣውን ፈሳሽ ለክቶ ለመተካት ያስችላል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ግን ውርደት ነው። ለምን እንደተቀደደ ይነገራት፣ አንድ ነጠላ ወይም አንሶላ ከላይ ይጣልላት፣ በመጋረጃ ይከለልላት፣ የምታጥባት ሴት ትሁን። ካሜራም እንዲሁ። ፎቶ አንሺ ከየትም መሥሪያ ቤት ይምጣ፣ ወላጅም ልጅም «አይሆንም» ማለት ይችላሉ፤ እምቢ ማለታቸው የሚሰጠውን ሕክምና በምንም አይቀንሰውም።

ሕጉ ምን ይላል

እነዚህ ሁሉ ልመና አይደሉም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ያዛል፤ አንቀጽ 24 ስለ ጤና፣ አንቀጽ 16 ስለ ግል ሕይወት ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ሕፃናትን በሚንከባከቡ ተቋማት ውስጥ የአካል ቅጣትና ጭካኔ ተከልክሏል፤ የልጁ ደኅንነትም በቀደምትነት እንዲታሰብ ታዟል። ስለዚህ አልቅሶ ያስቸገረን ልጅ በጥፊ መምታት በጤና ተቋምም ውስጥ ክልክል ነው።

የመደመጥ መብት ግን ሕክምናን የመከልከል ሥልጣን አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን አላደረሰም፤ ፈቃዱን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይሰጣል። የልጁ ድርሻ መጠየቅ፣ መረዳት፣ በአደራረጉ ላይ መምረጥና «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» ማለት ነው። መብቱ ሲጣስ መጀመሪያ ለማዕከሉ አስተባባሪ፣ ካልሆነ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል።

ሞት ሲደርስ፣ ወደ ቤት ሲመለስ

ልጁ በዳነበት ማዕከል እናቱ ወይም እህቱ ልትሞት ትችላለች። በልማዳችን መርዶ ለአዋቂ እንኳ ቀን ተመርጦለት ይነገራል፤ ልጅ ደግሞ «ሩቅ አገር ሄዳለች»፣ «ተኝታለች» ይባላል። ተኝታለች የተባለ የአምስት ዓመት ልጅ መተኛት ይፈራል። ሄዳለች የተባለው ሳይሰናበተው ጥላው የሄደች ይመስለዋል። «እናትህ ሞታለች። ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፣ አይመለስም። አንተ ያደረግከው ነገር አይደለም። ከአያትህ ጋር ትኖራለህ።» አራት ነገር ነው፤ በሚያምነው ሰው አፍ፣ እጁ ተይዞ፣ ሌሎች ልጆች በመንገድ ከመንገራቸው በፊት ይነገረው። አስከሬኑ በክሎሪን ለምን እንደሚጸዳና ለምን ለቅሶ ላይ ድግስ እንደማይደረግ ለትልልቆቹ ልጆች ማስረዳት ይገባል፤ ካልተነገራቸው እናታቸው የተናቀች ይመስላቸዋል።

ልጅ ከማዕከሉ የሚወጣው ትውከቱ ሲቆም፣ ኦአርኤስ በደንብ ሲጠጣ፣ ሲሸና እና በስድስት ሰዓት ውስጥ ከሦስት ያነሰ ውሃማ ተቅማጥ ሲኖረው ነው። ባክቴሪያው ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀናት በሰገራ ሊወጣ ስለሚችል ቤት ውስጥ መጸዳጃና ሳሙና አይዘነጋ፤ የሚጠጣው ውሃ ይፈላ ወይም ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ተጨምሮበት ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ። ትምህርት ቤት ሲመለስ መምህሩ ስሙን ሳይጠራ ለክፍሉ ሁሉ ያስረዳ፦ ኮሌራ አጠገብ በመቀመጥ፣ በመጨባበጥ ብቻ፣ አብሮ ኳስ በመጫወት አይዝም፤ እጅ በሳሙና ሳይታጠቡ መብላት ግን ማንንም ሊያሳምም ይችላል። ለተመለሰው ልጅም ሰው ሲጠይቀው የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ይዘጋጅለት፦ «ታምሜ ነበር፣ ታክሜ ድኛለሁ።» ከዚህ በላይ መናገር አለመናገር የእርሱ ምርጫ ነው፤ ይህንንም መምህሩም ጓደኞቹም ሊያከብሩለት ይገባል።